«ሰ» ቀንድ አላት

ሐምሌ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ። ጧት።
ዛሬም ዝናብ። ዛሬም «ሰላም» የሚለውን «በላም» ብላ አነበበች። አረምኳት፤ ደገመችው። እንደገና «በላም»። ሁለታችንም ደከመን።

ስንዱ የልጄ የዘነበች ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በቃሏ ታወርደዋለች። መሐል ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ግን ዓይኗ ይዋልላል። የኔታ ስንፍና ነው ይላሉ። በአለንጋ ሞክረውታል፤ ጀርባዋን አይቻለሁ። ስንፍና አይደለም። ገበያ ላይ የሰማችውን የበርበሬ ክርክር ከነድምፁ ነው የምትነግረኝ። ሰነፍ ጆሮ እንዲህ አይደለም።

ሐም. 5።
ዘነበች ቆርጣለች። ከመስቀል በኋላ ስንዱ አገና፣ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። እንሰት መፋቅ ትማር፣ ፊደሉ ይቅር ትላለች። አልፈርድባትም፤ ባሏ ጫካ ከገባ ወዲህ ቤቱን ለብቻዋ ነው የያዘችው። (ይህን ጻፍኩት እንዴ? ደብተሬ ሆይ፣ አደራ። ባንዳ እጅ ብትገባ አለቅን።)

ክረምቱን ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። እኔም ሥራ ፈት ነኝ፤ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ፍ/ቤቱ ተዘግቷል፣ ጸሐፊነቴም አብሮ።

ሐም. 14። ከሰዓት በኋላ።
አባራ። ስንዱ ግቢ ውስጥ በጭቃ ላም ትሠራለች። እስቲ «በ»ን ሥሪ አልኳት። ሠራች፤ ሁለት እግር። «ሰ»ንስ? ብዙ ቆየች። ከዚያ ሌላ «በ» ሠርታ አናቱ ላይ እንጨት ሰካችበት።
«አባባ! ‹ሰ› ቀንድ አላት!»
ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ያንን ቀንድ አይቼው አላውቅም። መሬት ላይ ተቀመጥኩና አብሬያት አቦካሁ። ጎረቤት አይቶ ሳቀ። ይሳቅ።

ሐም. 29።
ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ፦ መጽሐፉ ሲገለጥ ፊደሎቹ ይገፋፋሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ለሰው ሁሉ እንዲያ የሚሆን መስሏት ኖሯል። ልቤን በላችው። በደረቅ የእንሰት ቅጠል ላይ ቀዳዳ አወጣሁ፤ አንድ ቃል ብቻ ያሳያል፣ ሌላው ይሸፈናል። አነበበች። ቀስ ብላ፣ መስመሩን ሙሉ! ዛሬ እንደ እኔ የኮራ ሹም ካለ ይምጣ።

ነሐ. 20።
ክፉ ቀን። በተራራው በኩል ሲተኮስ ዋለ። ትናንት የምታውቀውን ዛሬ አታውቀውም። ቅጠሉን ወርውራ ወጣች። ፊደሉን መች ታየዋለች፤ አባቷን ነው የምታዳምጠው። ዘነበች፣ አባዬ ይብቃት፣ ልጄን አያድክሙብኝ አለች።

ነሐ. 21።
በራሷ መጣች። ቅጠሉን አንስታ አጠገቤ ተቀመጠች። አነበበች።

መስ. 8። ማታ።
ዘነበች፣ ክረምቱ አልቋልና ይታይ ብላ፣ የኔታን ጠርታቸው መጡ። በቃሏ እንዳትወጣው ብለው የአማርኛውን ወንጌል ከማታውቀው ቦታ ገለጡላት። ስንዱ ጀመረች። አንድ ቃል ሳተች፤ ቆመች፤ ማንም ሳይነግራት ተመልሳ አቃናችው። እስከ ታች ወረደች። ዘነበች በነጠላዋ አፏን ይዛ ቀረች።

የኔታ፣ ከመስቀል በኋላ ትምጣ አሉ። ስንዱ መጽሐፉን አጠፈች።
«የኔታ፣ የማይመቱኝ ከሆነ እመጣለሁ።»
ዳኛ ፊት ቀርቦ ስንት ጎልማሳ ሲንተባተብ አይቻለሁ፤ እሷ ግን ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። የኔታ ፊታቸው ቀላ።
«አልመታሽም» አሉ በመጨረሻ።
«የማነበውም ቀስ ብዬ ነው።»
«ቀስ በይ።»

ከሸኘናቸው በኋላ ዘነበች አጠገቤ መጥታ፣ ለአክስቷ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ ቃሌን አጥፌያለሁና አፍራለሁ አለች። እኔ ምን አሳፈረኝ! ነገ በጧት ወደ አገና ሰው እልካለሁ፦ ስንዱ አትመጣም፣ ትምህርት አላት።