በላይብረሪው ጣሪያ ላይ የተገኘው ቀይ ነገር

ውድ ጋሽ ተወልደመድህን፣

ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ መርዶ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲያጸዱትና ሲጠብቁት የኖሩት የሰፈራችን ላይብረሪ፣ ጣሪያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በባለሙያ ተመርምሮ፣ በማግሥቱ ከገላው ላይ ሥጋ ተቆርጦ ወጥቷል።

ኡበይዳ ነኝ። የመጽሐፍ መመለሻው ሣጥን ውስጥ ተደብቄ የሰው እጅ ስይዝ የያዙኝ፣ ለእናቴ ሳይናገሩ የለቀቁኝ። አሁን ሥራ ይዣለሁ ብል አያምኑኝም። ኮሌጁ ሁለት ሴሚስተር ከታገሠኝ በኋላ የጣሪያ መርማሪው የጳውሎስ ረዳት ሆኛለሁ፤ መሰላል እሸከማለሁ፣ ኖት እጽፋለሁ።

የሕጻናቱ መጻሕፍት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ኃላፊዋ «መውረጃውን ስላላጸዳ ጣሪያው በስብሷል» ብላ፣ ሪፖርቱ እስኪመጣ ከሥራ አግዳዎት ሊትልተን ከተማ ልጅዎ ቤት እንደተቀመጡ ሰምቻለሁ። ሪፖርቱን የምንሠራው እኛ መሆናችንን ግን ማክሰኞ ስደውልልዎት አልነገርኩዎትም። ሆን ብዬ ነው።

ጣሪያው ከታች ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። ጳውሎስ ግን ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ ትንሽ ተዳፋት አለው ይላል። ስንወጣ ውሃው መውረጃው ዘንድ ደርሶ ኩሬ ሠርቷል። የመውረጃው ወንፊት በቢጫ ፍሬ ተደፍኗል። አጠገቡ፣ ነጩ ጣሪያ ላይ፣ ቀይ እድፍ። ከእድፉ ወዲያ ደግሞ አልጋ የሚያህል፣ ከሌላው ይልቅ የነጣ ቦታ፤ በአራቱም ማዕዘን የጡብ አሻራ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር አንጥፎ ነበር።

«ዋት ኢዝ ዚስ?» አለ ጳውሎስ። «ኬሚካል ነው። ሰው ዳምፕ አድርጎ፣ ደፍቶት ነው። ብሮ፣ እንዳትነካው!»

አትንካ ተብዬ የማልነካ ልጅ እንዳልሆንኩ እርስዎ ያውቃሉ። ነካሁ። ከዚያ ዓይኔን አሸሁ።

ጋሼ፣ ጩኸቴ ሊትልተን ድረስ ሳይሰማዎት አልቀረም። ጳውሎስ «ናይን ዋን ዋን ልደውል? አምቡላንስ ልጥራ?» እያለ ይሯሯጣል፤ እኔ እያለቀስኩ ገባኝ። በርበሬ ነው! እሱ እዚሁ ዴንቨር ተወልዶ ያደገ፣ በርበሬን ከፌስታል ውጪ አይቶ የማያውቅ፣ ከየት ይወቀው? የጣሪያው ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩልዎት። ያስታውሳሉ?

«ጋሼ፣ ላይብረሪው ጣሪያ ላይ መቼ ነው የወጡት?»

«እኔ? ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ መሰላል አይቼ አላውቅ። ማነው የጠየቀህ?»

«ማንም። እትዬ ውድነሽ ዘንድሮ በርበሬ አዘጋጁ እንዴ?»

«መስመሩ ይቆራረጣል» ብለው ዘጉት። መስመሩ ግን ትንፋሽዎን እንኳ ያሰማ ነበር።

ከባለቤትዎ ከእትዬ ውድነሽ ጋር የምትኖሩበት አፓርታማ በረንዳ ላይ ማስጣት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። በርበሬው አልከፋኝም። የከፋኝ እኔን መዋሸትዎ ነው። ይሄ ሰው ለበርበሬው ሲል ጣሪያውን አበስብሶታል፣ ማበስበሱንም ያውቃል አልኩ። ጳውሎስ ታብሌቱን ሲሰጠኝ «መውረጃው በጽዳት ሠራተኛው ጥፋት ተደፍኗል፤ ከሥሩ ሳይበሰብስ አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ሴቭ አደረግኩ። ከሥሩ ምን እንዳለ ገና ሳላይ።

በማግሥቱ ጳውሎስ ውሃውን ጠርጎ ከኩሬው ሥር የሲኒ አፍ የሚያህል ክብ ቆርጦ አወጣ። እርጥብ ከሆነ እርስዎ አበቃልዎት። ወደ ቀዳዳው ጣቴን ሰደድኩ፤ እርጥብ እንዲሆን ይሁን እንዳይሆን የፈለግሁት፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላወቅኩም። ከጣሪያው ልባስ ሥር ያለው ፎም እንደ ድርቆሽ ደርቋል። በእርጥበት መለኪያው ለካነው፤ ደረቅ። ሌላ ቦታ ለካን፤ ደረቅ።

«ታዲያ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት። በዚህች ደቂቃ ደግሞ ጳውሎስን ጠረጠርኩ፤ መለኪያው ባትሪ የለውም ይሆን ብዬ።

ቀዳዳውን ደፍነን፣ ወርደን የሕጻናቱ ክፍል ገባን። ውጪ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጳውሎስ የኮርኒሱን ሰሌዳ ገፋ ሲያደርገው፣ የኤሲውን ውሃ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ከመገጣጠሚያው ወልቆ ተንጠልጥሏል። መልሶ ሰካው፣ በማጣበቂያ አሠረው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከጣሪያው ጋር ምንም አይገናኝም።

«ቀዩስ?» አለኝ።

«በርበሬ ነው። እዚያ አስጥተውት ነው።»

«ኦን ዘ ሩፍ? ጂኒየስ!» አለና ሳቀ። ሳቁን ጨርሶ ግን ጻፈው፤ ሥራው ነው። «የምግብ ቅመም፤ በውሃ የሚለቅ፤ ጉዳት አላደረሰም፤ መውረጃው ይጠረግ» ይላል። መውረጃውን እኔ ጠረግኩት። በጓንት።

የጻፍኩትን ዲሊት አድርጌዋለሁ። ማንም አላየውም፤ እኔ ባልነግርዎት እርስዎም አያውቁትም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኃላፊዋ ሪፖርቱን አንብባ «ሰኞ ይመለስ» ብላለች። ስለ ቀዩ ነገር ከጠየቀችዎት እውነቱን ይንገሯት፤ ሁለታችንም መዋሸት እንደማንችልበት ታይቷል።

እንግዲህ ሲጠቃለል ነገሩ ትንሽ ነው። ጣት የምታህል ቱቦ ወልቃ ተመልሳለች፤ እርስዎ ሰኞ ሥራ ይገባሉ። እኔም የጠረጠርኩዎት ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ምሳ ስበላ ትንሽ አቋርጬ ነበር።

ሲያመቸኝ አክባሪዎ፣
ኡበይዳ