ኮንትራት ባጃጅና አርባ ስግደት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከጠ. 1፡40
ባጃጁ በር ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። የደንብ ልብሴ ዚፕ እምቢ አለ፤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ት/ቤት በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። አባዬ ግን ኮንትራት ይዞልኛል። መጣሁ፣ ደብተሬ።

11 ሰዓት
ዛሬ ከጤና ጣቢያ መጥተው ዘጠነኛ ክፍልን በሙሉ መዘኑን። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ላንቺም ቢሆን ያሳፍራል። ሲስተሯ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች። ገና አልያዘሽም፣ ግን እየመጣ ነው አለችኝ። በእግር ሂጂ፣ ለስላሳና ጥብሳ ጥብስ ቀንሺ። ከክፍላችን አራት ሴቶች እንዲሁ ተባልን። አራታችንም የባጃጅ ነን። በረፍትም አራታችን ቺፕስ ተራ አንጠፋም።
ፈራሁ። አክስቴ እግሯን ያጣችው በስኳር ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
በእግሬ ልሂድ ብዬ ለአባዬ ነገርኩት። አኮረፈ። ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ ቢኖረውም፣ ልጅ ሳለ ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ድረስ ለትምህርት የሚመላለሰው በጭቃ ነበር። ክረምት ውሃው እስከ ጉልበቱ። ያን ሁሉ የለፋሁት አንቺ እንዳትለፊ ነው አለ። ደግሞ ሰው ምን ይለኛል አለ።
እማዬም መክሳት የበሽታ ነው ባይ ናት። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወፈርሽ፣ አማረብሽ ሲለኝ እሷ ትኮራለች። እኔስ ማንን ልስማ? አባዬን ማስቀየም አልፈልግም። እወደዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ጾም ገብቷል። ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ እከሳለሁ ብዬ። ጅል! ዘጠኝ ሲሞላ ፓስቲ አራት፣ ሩዝ በዘይት፣ በላዩ ለስላሳ። ሁሉም የጾም ነዋ። በዚህ አያያዜ ለገና በሩም አያስገባኝ። ሳቅሁ። ቀጥዬ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 21
ጉድ ልንገርሽ። የነፍስ አባታችን ቤት መጡ። ለብቻቸው አገኘኋቸውና ንስሐ ይስጡኝ አልኩ፤ አርባ አርባ ስግደት፣ ጠዋትና ማታ። ምን በድለሽ ነው ልጄ አሉ። ምንም፣ ለመክሳት ነው አልኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ስግደት ለፈጣሪ እንጂ ለሚዛን አይሰገድም አሉ። አፈርኩ። የስኳሩን ስነግራቸው ግን ሳቁ ጠፋ።
አባዬን ጠርተው አስቀመጡት። ከጭቃ አወጣሃት፣ ደግ አደረግህ፤ አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ታዲያ እግሯን ለምን ታስርባታለህ አሉት። አባዬ መሬት መሬት ያያል።

ሰኞ፣ ኅዳር 22
ባጃጁ መጣ። ተሳፈርኩ። አባዬ እንደ ወትሮው ሸኘኝ። ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፤ ከጠ. 2፡20
ክፍል ነኝ። መ/ር ገና አልገባም፣ ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት ጡሩምባ የለም። ስወጣ አባዬ በር ላይ ቆሟል፣ ሸራ ጫማ አድርጎ! ባጃጁን አሰናብቶታል። እስክትለምጂ እኔ አደርስሻለሁ አለ። ቦርሳዬን ነጥቆ ፊት ፊት ሄደ፣ የቁሐሩን ዘመን እያወራ።
አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ቆመ። ወገቡን ይዞ ያለከልካል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቦርሳዬን ተቀበልኩት። አንድ ባለሱቅ ምነው ባጃጅ ጠፋ እንዴ ብሎ ጠየቀው። መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውም፤ በእጁ ብቻ ተወኝ አለው። ሦስት ጊዜ ዐረፍን።
ት/ቤት በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔኮ ችግሩ ያንቺ ብቻ መስሎኝ ነበር አለ። አንጀቴን በላው።
አርፍጄ ዘበኛው ተቆጣኝ። ስለዚህ ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን፣ እሱ እስኪለምድ። ከት/ቤት መልስ ደግሞ ሲስተሯ ጋ እወስደዋለሁ፣ ስኳሩን ትለካው። መርፌ ይፈራል። እጁን እኔ እይዝለ— መ/ር ገባ