የሊጉ ደወል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለላይል፣

በዚያ በኦሪገን ዝናብ መሃል ከነልጆችህ ጤና ይብዛልህ። እዚህ ነብራስካ በቆሎው ተሰብስቧል፤ እኔም ሱሪዬ እየሰፋኝ ቀበቶዬ ላይ አንድ ቀዳዳ ከመጨመሬ በቀር እንደምታውቀኝ ነኝ።

የኮሌጆቻችን የቅርጫት ኳስ ሊግ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! አሸናፊው ለዓመት የሚይዘው ደወል ግን ዛሬም እኔ ሳሎን ተቀምጧል። በመጨረሻው ጨዋታ የእኔ ኮሌጅ ያንተን የረታው፣ አንተ የመጨረሻዋን ኳስ ስተህ አይደል!

ትናንት ጎረቤቴ ኢርማ መጥታ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ቆርቆሮ ለአንዱ ስጠውና ተገላገል" አለችኝ።

"ውሻዬን እንደሰጠሁሽ የሚሰጥ መሰለሽ? የሊጉን ደወል ተሸንፈው ያስረክቡታል እንጂ በስጦታ አይሰጡትም" አልኳት።

ስቃ ስታበቃ፣ ከትናንት በስቲያ ያመጣችልኝን ሾርባ እንዳልነካሁት አየችና ልታሞቀው አነሳችው።

እናም ላይል፣ በረዶ ሳይጥል ብቅ በል። ለደወሉ ከበረንዳው እስከ አጥሩ እንሽቀዳደማለን። ጉልበቴን ያመኛል ብለህ እንዳትቀር፣ እኔም ዘንድሮ አልፈጥንም። ሆን ብዬ ግን አልሸነፍልህም፤ ታውቀኛለህ።

ደወሉን ወልውዬዋለሁ። ስትመጣ መኪናህ ውስጥ ቦታ ተውለት።

እስክትቀድመኝ ድረስ ባለደወሉ ወንድምህ፣
ኤሜት