የሴቷ ድርሻ

እማ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ድሮ ቆመሽ ስታመሺ ያምሽ እንደነበር አባዬ ጽፎልኛል። ደቡብ እናንተ ዘንድ ዝናቡ በረታ? ባልሽስ ደህና ነው? የጎማ ዛፎቹስ? እነሱንም ሰላም በይልኝ፤ ከባልሽ ይልቅ ስለ እነሱ ብዙ ሰምቻለሁ። እኛ እዚሁ ናኮን ሳዋን አለን። ወንዙ ሞልቷል፣ ትንኙም ጠግቧል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ትምህርት ቤቱን እኔ አልተውኩትም፤ የርዕሰ መምህሩን ወንበር ሙጫ ቀብቷል ብሎ እሱ ነው የተወኝ።

አባዬ ግን ደህና አይደለም። ይህን ላስቀድመው፤ ቀልዱን ካስቀደምኩ እዚህ ሳትደርሺ ደብዳቤውን ትጥይዋለሽ። ሐኪሞች ጉሮሮውን ከቀደዱት ወዲህ ድምፅ የለውም፤ የሚያወራው በተማሪ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ነው። አሁን በሽታው ተመልሶበታል። ሐኪሙ ቤትህ ውሰደው አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ቀን ቀን ሬዲዮና ካሴት እንሰማለን። አንቺና እሱ ከሠራችኋቸው የሬዲዮ ድራማዎች ከሻጋታ የተረፈው አንድ ካሴት ብቻ ነው። የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ኩሬ ውስጥ የምትኖረውን ጣረሞት ሆነሽ የምትስቂበት። ስትሄጂ ገና ሁለት ዓመቴ ስለነበር የማውቀው ድምፅሽ ይኸው ሳቅ ነው። ልጆች እናትህ የት ናት ሲሉኝ ኩሬ ውስጥ እላቸው ነበር። አምነውኝ ከገዳሙ ኩሬ ዓሣ ማጥመድ ተዉ። ዓሣውን ሁሉ እኔ በላሁት።

ሲመሻሽ ደግሞ ቪዲዮ እንከፍታለን። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ያንን በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይዛችሁት ስትዞሩ የነበረውን አሮጌ ፊልም አግኝቶ በቪዲዮ ካሴት ገልብጦልናል። ድሮውንም ድምፅ አልነበረውም፣ ከሸራው አጠገብ ማይክ ይዛችሁ ድምፁ እናንተ ነበራችሁ። የተጻፈ ነገርም የለም። ወንዱን ሁሉ፣ ሽፍታውን፣ ሽማግሌውን፣ ውሻውን ሳይቀር አባዬ፤ ሴቱን ሁሉ አንቺ። አባዬ የራሱን ድርሻ በሰሌዳው እየጻፈ፣ እያጠፋ፣ እየጻፈ አስጠናኝ። አሁን የምናገርለት እኔ ነኝ። አንዳንዴ ሽፍታው ሽጉጡን መዞ ልጅቷ ላይ ሲደግን የፓፓያ ሰላጣ አለሽ ወይ አስብለዋለሁ። በሰሌዳው ጭንቅላቴን ይለኛል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው።

የሴቷ ተራ ሲደርስ ግን እጁን ያነሳል። ዝም እላለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እዚህ ደግሞ የአባዬ ከንፈር አብሯት ይንቀሳቀሳል። ያንቺን ድርሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ያውቀዋል። እሱንም ጻፍልኝና ልናገርልህ ብለው፣ ያ የኔ አይደለም ብሎ ጻፈልኝ።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። ጎረቤታችንን ሙዝ ጠባሿን አክስት ቻላውን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደበቅኳት። እኔ እድሜዬን ሙሉ ትኩስ ሙዝ ከማለት ሌላ ምን ተናግሬ አውቃለሁ፣ አንተ ልጅ ታዋርደኛለህ አለችኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነው አልኳት። ማታ ፊልሙ ላይ ልጅቷ አፏን ስትከፍት ቻላው ከኋላ፣ መጣህልኝ እንዴ? አለች፤ ቀስ ብላ፣ ከኔ ጥናት በላይ አሳምራ። አባዬ ያነሳው እጅ ወረደ። ሳልደግፈው መነሳት ካቆመ የሰነበተው ሰውዬ ተነስቶ በግድግዳው እየታገዘ ሄደና የቁም ሳጥኑን ጀርባ አየ። ቻላው ተኮራምታ፣ ጋሼ ሳንጉዋን፣ ይህ ዱርዬ ልጅህ ነው ያስገባኝ፣ እኔ ውጭ ሙዜ እያረረብኝ ነው አለችው።

በሰሌዳው ይለኛል ብዬ አንገቴን ሰብሬ ጠበቅኩ። አልመታኝም። ቴሌቪዥኑን ራሱ ዘጋውና፣ እሷ መስላኝ ነበር ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን ከሰሌዳው እንዳጠፋው አይፈቅድልኝም። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ክፈት አላለኝም፤ የሩዝ ገንፎውንም እየመለሰው ነው።

ነይ አልልሽም። ባዶ የቴፕ ካሴት ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ፤ ያንቺን ድርሻ ብቻ ተናገሪበትና ላኪልኝ። የእሱን እኔ እሞላዋለሁ። አንዴ እንኳ ሁለታችሁም ያላችሁበትን ሰምቶ ይሂድ። ለቀደሙት ደብዳቤዎቼ መልስ አልሰጠሽም፤ ይህኛው ካሴት ስላለበት ምናልባት ከበድ ይልሽ ይሆናል።

ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ጽፌው ነበር። ፖስታ ቤት ሳላደርሰው አባዬ ሞተ። ሐሙስ ቀትር ላይ ነው፤ ሬዲዮው ስለ ሩዝ ዋጋ እያወራ። ሬዲዮውን ዘጋሁት፤ ቤቱ ጭር ሲልብኝ መልሼ ከፈትኩት። መነኮሳቱ መጡ፣ አስከሬኑን ገዳሙ ውስጥ አቃጠልነው፣ አመዱን ወንዙ ወሰደው። ቻላው ሙዝ መጥበስ ትታ እኔ ጋ ትውላለች። ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፤ እኔም አዎ ያንቺ ነው ብዬ አሾፍኩባት፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ትናንት ብቻዬን ቪዲዮውን ከፈትኩ። የአባዬን ድርሻ ተናገርኩ። ያንቺ ተራ ሲደርስ እጁን የሚያነሳብኝ የለም፤ የፈለግኩትን ማለት እችል ነበር። ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት።

ካሴቱን ግን ልኬልሻለሁ። ሁሉንም ልናገር ብለሽ አትድከሚ። የፍቅሩን ተይው፤ የሚመልስልሽ ሰው የለም። አንዲት ቦታ ብቻ አለች፤ ሴትዮዋ ከቤቷ ደረጃ ላይ ቆማ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘውን ልጇን ለራት ትጠራዋለች። አጭር ናት፣ ልጁም ዞር አይልም። ቻላው ስትነግረኝ፣ እዚያ ላይ ስትደርሺ ሁልጊዜ ሊያይ ከመጣው ሰው መሃል የአንዱን ልጅ ስም ታስገቢ ነበር አሉ። ስሙን የሰማው ልጅ ከእናቱ ጭን ብድግ ይልና ሰዉ ይስቃል።

እሷን በይልኝ። የፈለግሽውን ስም አስገቢ። እዚያ የወለድሻቸውን ልጆች ስም ብታስገቢም ምን አገባኝ፣ ፊልም ነው። ብቻ ጮክ በይ፤ ቴፓችን ድምፁ ደካማ ነው።

ዕድሜ ይስጥሽ፤ ቤትሽም ጎርፍ አይድረስበት።

የናኮን ሳዋኑ ልጅሽ