ለክቡር ፊታውራሪ ተመልሶ ጓንጉል፦ ስላልከፈሉኝ ታሪክዎና ስለ ሁለት ጣቶቼ

አስመራ፣ የካቲት 23 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ተመልሶ ጓንጉል
ገዛ ባንዳ ሰፈር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ጨጓራዎ፣ በተለይም ዐሥሩም ጣቶችዎ ደኅና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ስምንት ጣት ይዤ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ማድረስ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን በግል የጻፍኩልዎ ሰባት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ብቻዎን ማንበብ ይከብድዎ ይሆናል ብዬ፣ ዛሬ ከተማው አብሮዎ እንዲያነብ በካርቦን አባዝቼ በእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ላሉ ሱቆች፣ ለሁለት ቡና ቤቶችና ለአንድ ጸጉር ቤት አድያለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች እያሱ ወልደኣብ እባላለሁ። እዳጋ ሓሙስ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በተጋራሁት ክፍል ተቀምጬ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ፣ ውል፣ የሐዘን መግለጫ፣ አንዳንዴም ለሠርግ የሚነበብ ግጥም እጽፋለሁ። ደመወዝ የለኝም፤ የምበላው ደንበኛ ሲከፍለኝ ብቻ ነው። አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። ክቡርነትዎ "ሐ"ን ከጉሮሮዬ ሳወጣ በእንግዶችዎ ፊት ደጋግመው እያስጠሩኝ ይስቁ ነበር፤ ለዚህ ትንሽ አገልግሎት ገንዘብ እንዳልጠየቅኩ ይታወቅልኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ቤትዎ ድረስ አስጠርተው "የአርበኝነት ታሪኬን ጻፍልኝ፤ ኒሻን ለመጠየቅ አቀርበዋለሁ" ስላሉኝ አመሰግናለሁ። የተስማማነው በሦስት መቶ ብር ነበር። ሃያውን ወዲያው ሰጡኝ፤ የቀረው ሥራው ሲያልቅ ሊከፈል ተባባልን። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣሁ፣ እርስዎ እየተንጎራደዱ ሲተርኩ እኔ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ወር በአንድ ውጊያ ሦስት የጠላት ወታደሮች ገደሉ፤ በሦስተኛው ወር ያንኑ ውጊያ ሲደግሙልኝ ሟቾቹ ዐሥራ አንድ ደረሱ። አንዱንም ሳላስቀር ቀበርኩልዎ። መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ወጣው።

2ኛ. ሥራውን በመስከረም ካስረከብኩዎ ወዲህ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። በጥቅምት "ገንዘብ ያዡ ታሟል" ተባልኩ፤ ገንዘብ ያዡን ያን ቀን እዳጋ ሓሙስ ጫማ ሲያስጠርግ አግኝቼው ሰላምታ ተለዋወጥን። በኅዳር ዘበኛዎ "ፊታውራሪ መስክ ወጥተዋል" ሲለኝ፣ ከበላዩ ባለው መስኮት ክቡርነትዎ ጢምዎን ሲላጩ ይታዩኝ ነበር። በታኅሣሥ የቤት ኪራይ ሲያቅተን ባለቤቴ ኣብርሄት የአንገት ወርቋን ሸጠች። "ሰውየው እኮ ትልቅ ሰው ነው፤ አይክደኝም" እያልኩ አራት ወር ያጽናናኋት እኔ ስለ ነበርኩ፣ ወርቁን ስታወልቅ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

3ኛ. ጥር 18 ቀን ኒሻኑን ስለ ተቀበሉ በግቢዎ ውስጥ ባደረጉት የምሳ ግብዣ ላይ ሳልጠራ በመገኘቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ከመጽሐፌ፣ አይ፣ ከታሪክዎ እያነበቡ ነበር፤ እንግዶቹም ያጨበጭቡ ነበር። ጭብጨባው እስኪበርድ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ጠብቄ "ክቡር ፊታውራሪ፣ ስለ ጽሑፉ ሂሳብ ነበር" አልኩ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከእንግዶችዎ አንዱ "ለካ የጻፈው ይኼ ነው!" ብለው ሲስቁ የክቡርነትዎ ፊት ጠቆረ። ከዚያ ግን ፈገግ ብለው ትከሻዬን አቀፉና "ና፣ ከጀርባ በኩል እከፍልሃለሁ" አሉኝ። እኔም ሞኙ ተከተልኩዎ።

ከቤቱ ጀርባ ጋራጁ ደጃፍ ላይ ሁለቱ ዘበኞችዎ ነበሩ። የዓኽርያ ሰፈሩ ሾፌርዎ ገረዝጊሄር ጥቁሯን ማኪና ይወለውላል። "የምትጽፈው በየትኛው እጅህ ነው?" ብለው እርስዎ ጠየቁኝ። ገንዘቡን የሚያስፈርሙኝ መስሎኝ "በቀኜ" ብዬ ዘረጋሁት። ዘበኞቹ አንገቴንና ክንዴን ይዘው እጄን በተከፈተው የማኪናው በር መቃን ላይ አስቀመጡት።

"ዝጋው" አሉት ገረዝጊሄርን።

"ጌታዬ፣ እጁ እኮ አለበት።"

"ዝጋው አልኩህ! ወይስ ያንተን ላስገባ?"

ዘጋው። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። በሩ ተከፈተና ጣቶቼን አየኋቸው፤ ጠቋሚው ወደማይታጠፍበት ታጥፏል፣ የመሐል ጣቴ ነጭ አጥንቱ ወጥቷል። ከፎቁ መስኮት ባለቤትዎ ወይዘሮ ይመኙሻል "ተመልሶ! ሰው ልትገድል ነው? ተው!" ብለው ጮኹ። እርስዎ ቀና ብለው "መስኮቱን ዝጊ" አሏቸውና ወደ ገረዝጊሄር ዞረው "በደንብ አልገጠመም፤ ድገመው" አሉት። በሩ ሁለተኛ ሲዘጋ ሽንቴ አመለጠኝ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። በጓሮ በር ሲያስጥሉኝ "ተከፍሎሃል" አሉኝ። ደረሰኝ ስላልሰጡኝ ግን ሂሳቡ እንዳልተዘጋ ላስታውስዎ እወዳለሁ።

4ኛ. ሐኪሙ ሁለቱን ጣቶች ቆርጦ ጣላቸው። ክስ ላቀርብ ስሄድ ክሱን የተቀበለኝ ሰው "ምስክር አለህ?" አለኝ። ያየው ሁሉ የእርስዎ ቤት ሰው ስለ ነበር ተመለስኩ።

5ኛ. ይህን ቁጥር በምስጋና መጀመር አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጣቶቼ በተቆረጡ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገረዝጊሄር ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "ይቕረ በለለይ ሓወይ" አለኝ፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ ማለቱ ነው። ከዚያ ገባና ቀኝ እጁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ "እንዳደረግኩህ አድርገኝ" አለ። ይቅር አልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላልኩትም። በግራ እጄ አፉን መታሁት። ደገምኩት። በወንበር እግር ጭንቅላቱን ፈነከትኩት፤ ሲወድቅ በጫማዬ ጎኑን ረገጥኩት። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን አላነሣም። እየመታሁት "ዝጋው! ዝጋው!" እያልኩ እጮህ እንደ ነበር ኣብርሄት ነገረችኝ እንጂ እኔ አላስታውስም። ወገቤን አቅፋ "ልትገድለው ነው፤ አራት ልጆች አሉት!" እያለች ስትጎትተኝ ነው የቆምኩት።

ወለሉ ላይ ሁለት ጥርሶች ነበሩ። በወር አርባ ብር የሚያገኝ ሰው ደሙን እየዋጠ ሲያየኝ፣ እርስዎ ያን ሰዓት የት እንደ ነበሩ አሰብኩ። ምናልባት ተኝተው ነበር። ኣብርሄት ቁስሌን በምታጥብበት ሳፋ ፊቱን አጠበችው። ለሁለታችንም ሻሂ አቀረበች፤ እሱ በከንፈሩ ፉት ማለት አቃተው፣ እኔ ብርጭቆውን መያዝ። እኔ ቀድሜ "ይቕረ በለለይ" አልኩት።

"እመሰክራለሁ" አለኝ። "ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፈው።"

ክቡርነትዎ ሁለት መቶ ሰማንያ ብሩን ሊክዱኝ ይችላሉ፤ ጣቶቼንም ከየትም አምጥተው አይመልሱልኝም። ያንን ደሃ በእጄ ያስመቱኝን ግን በዚች ምድር እስካለሁ አልምርዎትም።

ገረዝጊሄር በማግስቱ የማኪናውን ቁልፍ መልሶ ሥራውን ለቀቀ፤ አሁን ገበያ ውስጥ ጆንያ ያራግፋል። የምስክርነት ቃሉን ፈርሟል፤ ክሱም ተከፍቷል። ቀጠሮው መጋቢት 10 ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለሆነ፣ ኒሻንዎን አድርገው እንዲመጡልን በትሕትና እንጋብዛለን።

የክቡርነትዎን ዕድሜ፣ ቢያንስ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ፣ እግዚአብሔር እንዲያረዝመው እየጸለይኩ፣ በግራ እጄ አንድ ጣት ይህን ሁሉ መጻፍ ያስተማሩኝን ባለውለታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የታሪክዎ ጸሐፊ
እያሱ ወልደኣብ

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ዘበኞችዎ (ማንበብ ስለማይችሉ ክቡርነትዎ ያንብቡላቸው)

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ይመኙሻል በእግራቸው ክፍሌ ድረስ መጥተው የፍቺ ማመልከቻ አጽፈዋል። ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ወደ ወንድማቸው ቤት ስለ ሄዱ ይህን እንዳሳውቅዎ ፈቅደውልኛል። በአንድ ጣት ስለምጽፍ ሁለት ገጹ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ እሳቸው ግን ከአጠገቤ ሳይነሡ ጠበቁኝ። ዋጋው አምስት ብር ነው ስላቸው፣ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ እንኳ ሳልከት ከፍለውኛል።