ስለ መዋኛው ክሎሪን ለሚዜዬ

ይድረስ ለምወድህ ሚዜዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? በክረምት የሚነሳብህ ያ ሳል ዘንድሮ ማረህ ወይስ እንደ ልማዱ እስከ ጥቅምት አብሮህ ቆየ? እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ቡርቱካንም ደህና ናት፣ ወገቧ ተሽሏታል። ቢሾፍቱ እንዴት ናት? ሆቴላችሁስ እንግዳ አለው?

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ ቢሆን ገና ስጀምር ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንተም "ረጋ በል ሙሽራው" ትለኛለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እንዲህ ስታስቀኝ ኖረሃል። ዛሬ መሳቅ ስላልፈለግኩ ሱቁን ለሠራተኞቹ ትቼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ይህንንም ወደ እናንተ ሴራሚክ የሚጭንልኝ ሾፌር በእጅህ ይሰጥሃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቡርቱካን ወገብ ነው። አምና ሲጠናባት ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሺ አላት። እሷም ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ተመዝግባ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመረች። አሠልጣኟ ፊሊሞን የሚባል ልጅ ነው። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም። እያደር ግን ቅዳሜ ማታ ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ ስትገባ፣ ስለ ፊሊሞን ስታወራ፣ ፊሊሞን እንዲህ አለ ፊሊሞን እንዲያ አለ ስትል፣ እራቴ አልወርድ እያለኝ መጣ።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ሳልነግራት ሄጄ በመስታወቱ አየኋቸው። ልጁ ትከሻው በር ያክላል። መዳፉን ከወገቧ ሥር አድርጎ ውሃው ላይ አንጋሏታል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። እኔ ሳስቃት እንኳ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ሴት! ቀናሁ፣ ምን ልደብቅህ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ቄሱን በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚበላው ግን ሆድን ነው።

በነጋታው ሰኞን እንኳ ሳልጠብቅ ጓሮ ያሉትን ባህር ዛፎች የሚቆርጥ ሰው ፈለግኩ። ፋሲካ እንዳለፈ ቁፋሮው ተጀመረ። ሚስቴ መዋኘት ካለባት ከገዛ ቤቷ ትዋኝ አልኩ። የጉለሌን ሰው ታውቀዋለህ፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣም ሲወርድም የሰው ግቢ ሳያይ አያልፍም። ጠበል ፈለቀልህ እንዴ ያለኝ አለ። ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ጎርፍ ሞላብኝ፣ ሁለት ጊዜ አስጠረግኩ። ሴራሚኩን ከሱቄ መርጬ አስለጠፍኩ፣ የቧንቧ ውሃችን በፈረቃ ስለሆነ በቦቴ አስሞላሁ። መስከረም ሲጠባ እጇን ይዤ አሳየኋት። ቡርቱካን አለቀሰች። ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ክሎሪኑ ልግባ። ይህ የአንተ ሥራ ነው፤ የሆቴላችሁን መዋኛ የምታጠራው አንተ ስለሆንክ መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን በቅናት ያስቆፈርኩትን ጉድጓድ እንዴት ብዬ ልንገርህ? አፍሬ መርካቶ ሸፊ ጋ ሄድኩ። ሸፊ የጽዳት መድኃኒት ነጋዴ ነው፣ ሱቁ ከኛ ሱቅ ጀርባ ነው። ክሎሪን ስጠኝ ስለው የትኛውን ብሎ አፈጠጠብኝ። ለካ ክሎሪንም ዓይነት አለው። ፈሳሹ እንደ ብርቱ በረኪና ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ግን ፀሐይ ቶሎ ትበላዋለች፣ ሲቀመጥም ኃይሉ ይደክማል አለኝ። ዱቄቱ ሲቀመጥ አይበላሽም፣ ግን መጀመሪያ በባልዲ ውሃ ማሟሟት አለ። እንክብሉ ደግሞ ቀስ እያለ የሚሟሟ ነው፣ ከፀሐይ የሚከልለው ነገርም አብሮት አለ። ወላሂ ሁለት ዓይነቱን በአንድ ዕቃ እንዳትቀላቅል፣ ያፍንሃል ወይም ይፈነዳብሃል ብሎ እጄን ይዞ አስጠነቀቀኝ።

የኛ ሰፈር ፀሐይ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ብርድና ቃጠሎ በአንድ ላይ ናት። እንክብሉን በባልዲ ይዤ ገባሁ።

ቡርቱካን ባልዲውን አየችና ፈሳሹ ነበር የሚሻለን አለችኝ። ሳቅኩባት። እሷ ግን ቀጠለች። እንክብሉ ውስጥ ያለው ያ ከፀሐይ የሚከልል ነገር አይተንም፣ ውሃው ውስጥ እየተጠራቀመ ሲበዛ ክሎሪኑን ራሱን ያስተኛዋል፣ ያኔ ውሃውን ደፍቶ በአዲስ ከመሙላት በቀር ዘዴ የለውም፣ ውሃ በቦቴ ለሚገዛ ሰው ይህ አይሆንም፤ ይልቅ ፈሳሹን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ፀሐይ ስትገባ ማድረግ ነው አለችኝ። ይህን ማን ነገረሽ ብላት ባልዲውን ወደ ጥግ እየገፋች፣ ፊሊሞን አለች።

ስሙን ስሰማ እንክብሉ ከመድኃኒት ሁሉ በለጠብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እኔም አለቅም አልኩ።

መጀመሪያ ውሃው ጥርት ብሎ ነበር። ቆይቶ ደፈረሰ፣ ከዚያ አረንጓዴ እያለ መጣ። የጎረቤት ባህር ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈበት ነው ብዬ በቅጠሉ አሳበብኩ። እንክብል ጨመርኩ፣ አልሆነም፣ ደግሜ ጨመርኩ። ቡርቱካን ዓይኗ ቀልቶ ቆዳዋ እያሳከካት ወጣችና ያንተን ውሃ አልችለውም፣ ወደ ሆቴሌ ልመለስ አለችኝ። ቅዳሜ ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ መግባቱ እንደገና ተጀመረ። ይኸውልህ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ግቢዬን አስቆፍሬ፣ ዛፌን አስቆርጬ፣ ሚስቴን መልሼ ለዚያው ልጅ ላክኋት።

አንድ ቅዳሜ ፈሳሽ ክሎሪን የሞላበት ነጭ ጀሪካን ይዛ መጣች። ፊሊሞን ነው የሰጠኝ፣ ግማሹን ውሃ ድፋና ይህን ሞክር አለችኝ። ተቀብዬ ዕቃ ቤት ጣልኩት። የሱ ክሎሪን ከግቢዬ ውሃ ከሚገባ ጓሮዬ ረግረግ ሆኖ ይቅር አልኩ።

በመጨረሻ ግን አንጀቴ አልችል አለና ራሴ ደወልኩለት። ምክር ፈልጌ ነው አልኩት እንጂ የፈለግኩት ዓይኑን ለማየት ነበር። እሑድ ከሰዓት መጣ። ጋሼ ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ልጠላው ብፈልግ እንኳ አላመቸኝም። መዋኛው ዳር ወስጄ፣ እንግዲህ አንተ ያልከው ሳይሆን አይቀርም፣ እንክብሉ ተጠራቅሞ ይሆናል አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። ጋሼ እኔ ዋና አስተምራለሁ እንጂ ስለ ክሎሪን የማውቀው ሽታውን ብቻ ነው፣ ለማንም ምንም ብዬ አላውቅም አለኝ። ጀሪካኑንም አያውቀውም። ሲሰናበተኝ ደግሞ፣ ወይዘሮ ቡርቱካን ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ፣ ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላየናቸውም፣ ተቀይመውን እንዳይሆን አለኝ።

ከፋሲካ ወዲህ። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ሁሉ ዝናብ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣ ነበር እኮ።

እሱን ሸኝቼ ዕቃ ቤት ገባሁና ጀሪካኑን ከፈትኩት። ከክዳኑ ሥር ከመኪና ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የተቆረጠ ክብ ማሸጊያ አለ፣ እንዳያፈስ። በጣት ይዘው የሚስቡበት ትንሽ ጆሮ ቀርቶለታል። ልጆች ሆነን ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ላምባ በጀሪካን እያዞርን ስንሸጥ እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ነበር። እኔ ስቆርጥ ጆሮውን ሁልጊዜ እረሳው ነበርና እየሳቀብኝ ደግሞ ይቆርጥልኝ ነበር። ያንን ሰው አንተም ታውቀዋለህ።

እንደተባለው ግማሹን ውሃ ደፋሁ፣ በቦቴ አስሞላሁ፣ ፈሳሹን ፀሐይ ስትገባ ጨመርኩ። አሁን የሥሩ ሴራሚክ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ምክሩ ትክክል ነበር። የሰጣት ሰው ሥራውን ያውቃል።

ቡርቱካንን ምንም አልጠየቅኋትም። ውሃው በመጥራቱ ፊሊሞን ይመስገን ስትለኝ፣ ይመስገን አልኩ።

ደንቡን ሁለታችንም እናውቃለን። ሙሽራ ሲከፋት ሚዜ ቤት ትሄዳለች፣ ነውር የለበትም፣ ሚዜ ወንድሟ ነውና። ምናልባት ከፍቷት ይሆናል። እኔ ቀን ሱቅ ማታ ሒሳብ የምል ሰው ነኝ፣ ሳስከፋት አላውቅ ይሆናል። ግን ሚዜም እኮ ደንብ አለው። በዚያው ቀን ለባልየው፣ አታስብ፣ እኔ ጋ ናት ብሎ ይልካል። እኔ ከፋሲካ እስከ ታኅሣሥ ስልኬ ጠፍቶ አያውቅም።

በፊሊሞን የቀናሁት ቅናት አሁን ሳስበው ጨዋታ ነበር። ያኔ ቢያንስ የምጠላው ሰው ነበረኝ። የአሁኑ ያቃጥለኛል ሚዜዬ፣ ቆሜም ተቀምጬም ያቃጥለኛል፣ የማወራውም ሰው የለኝም። እንዲህ ያለውን ነገር የማወራው ለአንተ ነበርና።

ስለዚህ ለገና ና፣ ከእኛ ጋር ዋል። ለቡርቱካን እንደምትመጣ አልነግራትም፣ አንተም አትንገራት። ባልና ሚስት ሲጋጩ ማስታረቅ የሚዜ ሥራ ነው፣ ሥራህን ሥራ። የምታስታርቀኝ ከማን ጋር እንደሆነ ግን መጥተህ አንተው ትነግረኛለህ።

መድኃኔዓለም በጤና ያቆይልኝ፣ ከክፉ ይሰውርህ። ትዳርም ይስጥህ፤ የራስህን።

ሙሽራህ