የሁለታችን ሲዲ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ሲዲው አንድ ነው፣ ባለቤቶቹ ሁለት ነን። እኔና ዲንሳ። ጡረታ በወጣን ሰሞን አዲስ አበባ ሄደን፣ ዋጋውን እኩል አዋጥተን ገዛነው። ከተማ የሚቆረቆርበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ መንገድ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ግብር። ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካልገባ ጨዋታው አይከፈትም። ስለዚህ ዲንሳ ባኮ ከተማ ልጁ ዘንድ ሲገባ ደንብ አወጣን። ሁለት ሳምንት እሱ፣ ሁለት ሳምንት እኔ። ሲዲው፣ ከተማችን የተቀመጠችበት ፍላሽና አንድ ደብዳቤ በፖስታ ታሽገው በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት አንዲት ከተማ እንዲህ እየተቀባበልን ሠራን። ኢፋ ብሎ የሰየማት እሱ ነው።

ዛሬ ተራዬ ነበር። መናኸሪያ ወርጄ ተቀበልኩ። ሹፌሩ ፖስታውን በእጁ መዘነና "ኦቦ ዲንሳ ዛሬስ ቀለል አድርገውታል" አለኝ። እውነቱን ነው። ሲዲው ብቻ። ፍላሽ የለም። ደብዳቤ የለም። ብጣሽ ወረቀት ላይ፦ "ሲዲው ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ አያስፈልገኝም።"

ሲዲውን መስኮት ላይ ይዤ መረመርኩት። አዲስ ጭረት የለበትም። እንደ ሁልጊዜው በሲዲው መዝገብ ደብተር ላይ መዘገብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ደወልኩ። ሁለቴ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው ልጁ ጫልቱ አነሳች። ደስ ብሏት ነገረችኝ። እዚያው ባኮ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጨዋታውን እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ገልብጦለታል፤ አሁን ሲዲ አይጠይቅም። "አባባ እኮ ወደብ ሠራ፣ ጋሼ።"

ወደብ። ሆስፒታሉ ሳያልቅ ወደብ እንዳይጀመር ተስማምተን ነበር፤ በደብዳቤ፣ በፊርማ።

አገናኚኝ አልኳት። ወጥቷል አለች። ከኋላዋ ሲያስል ሰማሁት። ያን ሳል በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አልስተውም።

እንግዲህ ኢፋ ሁለት ሆነች። የባኮዋ ወደብ አላት። እኔ ኮምፒውተር ላይ የቀረችው ከሁለት ሳምንት በፊት ባለችበት ቆማለች።

ባለቤቴ ብርሃኔ ፊቴን አይታ "ሰው ሞተ እንዴ?" አለች። የሲዲው ነገር ነው አልኳት። "እንግዲያው ምሳ ቀርቧል።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ አስቴር ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳት ናት። የዲንሳን ነገር ሳልጠቅስ፣ ጨዋታ መገልበጥ እንዴት ያለ ነገር ነው ብዬ ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣ አሁን ሲዲ ማን ይይዛል? ፍላሽ ያምጡልኝ፣ የፈለጉትን ያህል ልሙላልዎ።"

ኮፒው ቢጠፋስ አልኩ። ሌላ ኮፒ። ያም ቢጠፋ? ሌላ። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ምኑ የኔ ነው አልኳት። ሳቀች። ማንም አይነጥቅዎትም፣ የማንንም ተራ አይጠብቁም አለችኝ። ተራ መጠበቁን እወደው እንደነበር አልነገርኳትም።

ኋላ ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳት። ሲዲው ተጎድቶ ይሆናል፣ ለዚያ ይሆናል ያስገለበጡት አለች። አለመጎዳቱን ላሳያት የሲዲውን መዝገብ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እየሳቀች ማንበብ ጀመረች፤ መሃል ላይ ሳቋን ተወችው። ይሄ ለሳቸውም ይደርስ ነበር ወይ አለች። አዎ፣ ከየደብዳቤው ጋር ግልባጩን አያይዝ ነበር።

ደብተሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሰጠችኝ። "ቲቸር፣ እኔም ብሆን አስገለብጥ ነበር።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ያስተማርኳት ልጅ አረመችኝ ብዬ ትናንት ተቆጥቼ ነበር የገባሁት። ዛሬ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። ከውስጡ፦

በጠርዙ የጣት አሻራ። ዲ.
አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ምክንያት አልተገለጸም።
ጭረት፣ የጥፍር ርዝመት። ማብራሪያ ይጠየቃል።

ለመጨረሻው የሰጠው መልስ ከጎኑ ተለጥፏል። በእሱ እጅ፦ "እጄ ይንቀጠቀጣል።" ከሥሩ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእኔ እጅ፦ "ታይቷል።"

ከመቼ ጀምሮ አላልኩትም። ሐኪም ምን አለ አላልኩትም። ቀኑ ሰኔ ነው፤ አምስት ወር አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቹ እያጠሩ ሄደዋል። ስንፍና ነው ብዬ ነበር። እሱንም መዝግቤዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ትናንት ምንም አልሠራሁም።

ዛሬ ኢፋን ከፈትኳት። መንገድ አስጠገንኩ፣ ግብር ቀነስኩ፣ ገበያውን አሰፋሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። የምነግረው ሰው የለም። ዘጋኋት።

ብርሃኔ ለምን አትጽፍለትም አለች። ጻፍኩና አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ "ይቅርታም በተራ ቁጥር ነው እንዴ የምትጠይቀው?" አለችኝ። እውነትም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ነበር። ሦስተኛው ስለ ወደቡ ነው። ቀደድኩት።

ስለ ወደቡ አሁንም ተናድጃለሁ። ይህን ለራሴ ብቻ ልጻፈው።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ጻፍኩ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳል። ግልባጩ፦

"ወንድሜ ዲንሳ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔም በቀይ ቀለም ታይቷል አልኩህ። አላየሁም ነበር። ጨዋታውን ማስገልበጥህ ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም። ግን ከማን ለመገላገል እንዳስገለበጥከው ገብቶኛል። በዚህ ፖስታ ውስጥ ከወረቀት በቀር ምንም የለም፤ የምትመልሰው ዕቃ የለብህም። ሐኪም አይቶሃል? መድኃኒት ጀምረሃል? ሁለቱም እጅህ ነው ወይስ አንዱ? እስክሪብቶ መያዝ ካስቸገረህ ጫልቱ ትጻፍልህ፤ እሱም ካልሆነ ስደውል ስልኩን አንሳው። አንድ መስመር ይበቃኛል። እባክህ በዚህ ሳምንት መልስልኝ።"